ኦርጅናል ያልሆነው ቀበቶ



አባቴ የተወልኝን የ1964 ዓ.ም. ኮምቢ ቮልስ ይዤ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ክበብ ልመዘገብ ሄድኩ። አንድ አዛውንት አባል ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ይሄ ቀበቶ ኦርጅናል አይደለም፤ ለምን ነካካሻት?" አሉኝ።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በሾፌሩ ጉልበትና በመንገዱ መሃል ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስንት ሌሊት እንዳደርኩ እናንተ ታውቃላችሁ። "ጋሼ፣ ቀለሟንም ሞተሯንም አልነካሁም። ልጆቼን ግን ያለ ቀበቶ አልጭንም" አልኳቸው።

በሳምንቱ ደወሉ፦ "ዶክተር፣ ተመዝግበሻል። ቀበቶውን የገጠመልሽ መካኒክ ጋራዡ የት ነው? የልጅ ልጆች አሉኝ።"

እኛም ከዚህ ግቢ ብዙ ወርሰናል። አልጋው አጠገብ ቆሞ በሽተኛን መስማቱ ይቀጥል። ራውንድ ላይ ተማሪ ማሸማቀቁን ግን እንተወው።