የደንገል ታንኳና የደሴት ግምጃ ቤት
(በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለ ተፈጸመ የውሃ ላይ ዘረፋ የተሰጠ ንግግር)



የወንዝና የሐይቅ ወንበዴነት ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ራይን ወይም ወደ ሚሲሲፒ ነው። በራይን ዳር ግንብ የሠሩ መሳፍንት ያላግባብ ቀረጥ እየጣሉ ነጋዴውን ባስመረሩት ጊዜ፣ ከተሞቹ በ1254 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተባብረው ኅብረት እስከ መመሥረት ደርሰዋል። የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ግን በገደል መካከል የሚወርዱ፣ በክረምት የሚሞሉና በበጋ የሚጎድሉ በመሆናቸው ለጀልባ አይመቹም፤ ጀልባ በሌለበትም የጀልባ ዘራፊ አይኖርም። ስለዚህ በደጋው ይህ ታሪክ የሚፈለገው በጣና ላይ ነው። በጣናም ላይ ቢሆን ዋናው የዘራፊዎች ዒላማ በጉዞ ላይ ያለ ታንኳ ሳይሆን ደሴት ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ከይፋግ መነሣት ይገባል። ይፋግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጥጥ ይሸጥበት፣ በወይኑም ይታወቅ ነበር። በአቅራቢያው ያለው ደሪጣም የእስላም ነጋዴዎች መንደር ነበር። ነገር ግን ገበያው የተተከለው ሠራዊት በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። ጦር መጣ ሲባል ሀብት ያለው ሰው ሀብቱን የሚያሸሽበት ስፍራ ያስፈልገው ነበር፤ ያም ስፍራ ከዳርቻው ብዙ የማይርቀው ደሴት ነው። የምጽራሃ ደሴት፣ በ1699 ዓ.ም. የተገደሉት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተቀበሩበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ክብር ላይ የውሃው አጥር ተጨምሮለት የብዙ ሰው ግምጃ ቤት ሆነ።

ለመሆኑ ይህ አጥር ምን ያህል የጠነከረ ነበር? ለመሐንዲስ ጥያቄው ቀላል ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም፤ በዳር ዳሩ ታንኳ በረዥም ዘንግ እየተገፋ ይሄዳል። ታንኳው ራሱ የደንገል እስር ነው። ምስማር፣ ሳንቃና ቅጥራን አይፈልግም፤ በተንሳፋፊነቱ እንጂ በቅርፁ ውሃ አያስገባም የሚባል አይደለም። ውሃው ቀስ በቀስ ስለሚሰርግበት ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው። የደሴት ሰዎች መከላከያ ታንኳዎችን ሁሉ ወደ ራሳቸው ዳር መሰብሰብ ነበር። ነገር ግን ጥሬ ዕቃው በዳርቻው ላይ በቅሎ ቆሟል፤ ጊዜና የወይጦ ባለሙያ ያገኘ ጠላት ሌላ ታንኳ ለማሠራት የሚያግደው ነገር አልነበረም።

ይህም ታይቷል። በ1520ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ጣና ደርሶ ነበር፤ የዘመቻው ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህ በፉቱሕ አል ሐበሻ መጨረሻ ላይ በገሊላ ደሴት ላይ የተደረገውን ወረራ ይተርካል።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ሰፍረው ሳሉ ስለ እንፋሎት መርከብ የሰሙትን በደንገል ለመሥራት ሞከሩ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው ታላላቅ የደንገል ጀልባዎች ተሠርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ተገጠመላቸው። የእንፋሎት ኃይል አልነበራቸውም፤ ሆኖም መንኮራኩር ውሃ ቀዝፎ ጀልባ እንደሚገፋ መረዳታቸው በራሱ የሚደነቅ ነው። በ1859 ዓ.ም. ገደማ ግን የምጽራሃ ተራ ደረሰ። ደሴቲቱ ተዘረፈች፤ ነዋሪዎቿም ቤት ውስጥ እንዳሉ እንዲቃጠሉ መደረጉን ብላንክ ይተርካል። እርሱ በዚያን ጊዜ በመቅደላ እስረኛ ስለ ነበር የጻፈው የሰማውን ነው፤ ስለ አሳሪው የሚጽፍ እስረኛም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የዘረፋው መድረስ ግን አያከራክርም።

ይህ ወንበዴነት ነው ወይስ የንጉሥ ቅጣት? የጠፋው ዕቃ ባለቤት ልዩነቱን አያየውም። በራይን ዳርም ቀረጥና ዘረፋ የሚለዩት በተቀባዩ ማዕርግ ብቻ ነበር።

የውሃ ዳር ተክልን ለወረራ ማዋልም የጣና ብቻ አይደለም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከድኒፐር ወንዝ ወጥተው የጥቁር ባሕርን ወደቦች የሚዘርፉት ኮሳኮች በጀልባቸው ግራና ቀኝ የሸምበቆ እስር ያስሩ ነበር፤ ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰጥም። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ከተለያዩ የውሃ ዳር ተክሎች አንድ ዓይነት ጥቅም አገኙ።

ዛሬ በጣና ዳርቻ ደንገሉ እጅግ መንምኗል፤ የታንኳ ሠሪዎቹም ቁጥር እንዲሁ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በሊቦ ከምከም በኩል ጭምር፣ እንቦጭ የተባለው አረም ተዛምቶ ውሃውን ሸፍኗል፤ በዘንግ የሚገፋ ታንኳም በውስጡ አልፎ ለመሄድ ይቸገራል።