ፊዚዮቴራፒስቱ ደረጃ ሲወጣ

እሷ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከጀሞ እስከ ጎፋ የቆሙትን ኮንዶሚኒየሞች አስባቸው። አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ስትሮክ የመታቸው አባት ካሉ ወደ ክሊኒክ ማን ያወርዳቸዋል?

እሱ፦ ጎረቤት በወንበር ተሸክሞ። ግን በሳምንት ሦስቴ ማን ይችላል?

እሷ፦ ለዚህ ነው በግል የሚሠራው ፊዚዮቴራፒስት ራሱ ደረጃውን የሚወጣው። የሥራው ትልቁ ክፍል ደግሞ ቤተሰቡን ማሠልጠን ነው፤ ከአልጋ እንዴት እንደሚያነሡ፣ የደከመውን እጅ ጎትተው ትከሻውን እንዳይጎዱ።

እሱ፦ እኛ ዘንድ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ የሕክምና ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውንም ወጌሻ ነው የምንለው።

እሷ፦ ልማዱን አልንቅም። የፊዚዮቴራፒ ሙያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰው ባያውቀው አይፈረድበትም። ግን የተሰበረ እግር ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

እሱ፦ ክፍያውስ? አንዴ ታሽቶ የሚድን የሚመስለው ብዙ ነው።

እሷ፦ ሁለቴ ከፍሎ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ባለሙያውም የቤት ኪራይ አለበት፤ እንቅስቃሴ ማሠራቱን ትቶ ማሸት ብቻ የሚሸጥ አለ። ይህን አልወድለትም።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ስትሮክ የመታው ሰው ቤታችሁ ካለ ሐኪሙን «ፊዚዮቴራፒ መቼ እንጀምር?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው ሲመጣም የሙያ ፈቃዱን አሳየን ለማለት አትፈሩ።