የማእድ ቤት ትራፊና የቡናችን መሬት

የተከበራችሁ የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ገበሬዎች፣ እናንተም የልማት ሠራተኞች፤

ዛሬ የምናገረው በየቀኑ ከማእድ ቤት ስለሚወጣው የምግብ ትራፊ ነው። የጎደሬ፣ የቦዬና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ ከጀበና የሚደፋው የቡና አተላ፣ ይህ ሁሉ ከመሬት የወጣ ሀብት ነው። የጓሮ እንሰት የሚወፍረው የቤት ጥራጊና እበት ስለሚደፋለት መሆኑን ባለቤቶቻችሁ ከማናችንም ይልቅ ያውቃሉ። ከቤት ራቅ ያለው ቡና ግን ፍሬው በየዓመቱ ይለቀምበታል እንጂ የሚመለስለት ጥቂት ነው።

በዚህ አገር በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም ይዘንማል። ቀዩ አፈራችን ጥልቅ ቢሆንም ውሃው የተክሉን ምግብ አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል፤ አፈሩም እየኮመጠጠ ይሄዳል። ብስባሽ ያገኘ አፈር ግን ምግቡን በቀላሉ አይለቅም።

አስቀድሞ ከብትና ዶሮ የሚበሉት ለእነርሱ ይሰጥ። የጠላ አተላ ለከብት ሲሆን መድፋቱ ብክነት ነው። የቀረው ይከመር። በደረቅ አገር ብስባሽ በጉድጓድ ይዘጋጃል፤ ያንን ምክር እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይገባም፤ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ትራፊው ሳይበስል ይገማል። እኛ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር እንከምር።

ከታች ጭራሮና የበቆሎ አገዳ ይነጠፋል። በላዩ ትራፊው፣ ከዚያ የትራፊውን እጥፍ የሚሆን ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያም ስስ እበትና አፈር፣ ጥቂትም አመድ ይደረጋል። የአንድ ቤት ትራፊ ብቻውን ክምሩን ቶሎ ስለማይሞላ የቡና ገለፈት ጨምሩበት። ገለፈት ወንዝ ውስጥ ሲጣል ውሃውን ያበላሻል፤ በክምር ውስጥ ግን ፖታሲየም ለመሬቱ ይመልሳል። ክምሩ እስከ ደረት ሲደርስ በሙዝ ቅጠል ይከደን።

መብሰሉን ለማወቅ ዱላ እስከ መሐል ስደዱና ቆይታችሁ አውጡት። ሙቅ ከሆነ ሥራው ደህና ነው። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ ነገር ጨምራችሁ አገላብጡት። በየሦስት ሳምንቱ ቢገላበጥ ከሦስት እስከ አራት ወር ጠቁሮ የጫካ አፈር ይሸታል።

ሥጋና አጥንት ውሻና ጅብ ይጠራሉ፤ አይግቡ። ፌስታልም አይበሰብስም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የጠወለገ እንሰት ወይም ሙዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ጻፉ፤ በ1974ም ሙዝን እንደሚይዝ ታወቀ። የታመመውን ተክል ወደ ክምር የጣለ ሰው በሽታውን በገዛ እጁ ወደ ጤነኛው ጓሮ ሊያደርስ ይችላል። ከማሳው ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ የቆረጠው ቢላዋም በእሳት ይተኮስ።

የበሰለው ብስባሽ በዝናም መግቢያ፣ ከቡናው ግንድ ራቅ ብሎ፣ ቅርንጫፉ በሚያጠላበት ዙሪያ ተበትኖ አፈር ይልበስ። ለሁሉም ቡና የማይበቃ ከሆነ ሁሉን በጥቂቱ ከማዳረስ ይልቅ ለአዲስ ችግኝ ጉድጓድና ለተጎነደለው ቡና ይሰጥ። የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ገበሬ ቤት ስትደርሱ ከሰውየው ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ፤ ትራፊውን የምታወጣው እመቤቲቱ ናትና ክምሩ የት እንዲሆን እርስዋን ጠይቁ።