የተማረ እጅም ይረሳል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ እድራችን ሰው ሲሞት የሚቀድመው የለም። ጡሩምባው ተነፍቶ ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይጣዳል። እንግዲህ ለሞተው እንዲህ የምንፈጥን ሰዎች ገና ላልሞተው እንዴት ነን? ምግብ ላነቀው፣ ደም ለሚፈሰው፣ ልቡ ቀጥ ላለችበት ሰው ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

እኛ በትምህርት የገፋን ሰዎች አይደለንም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን አራት ሠራተኞች መርጦ የመጀመሪያ እርዳታ አስተማረን። የምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ እኛም በመስታወት አድርገን ሳሎን ሰቀልነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል ወረቀት በቆረጠው ጣት ላይ ፕላስተር ከመለጠፍ በቀር ምንም አልገጠመንም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ክበብ ውስጥ አንድ ተላላኪ ሥጋ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። መናገር አቃተው፣ ማሳልም አቃተው፣ ፊቱ ጠቆረ። እኛ አራቱ ባለ ምስክር ወረቀቶች ምን አደረግን? ተያየን! አንዱ «ሆዱን ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ ጀርባውን ነው» አለ። እኛማ፣ ሳንደብቅ እንናገር፣ ውሃ ይዘን ሮጥን። ትንፋሹ ለተዘጋ ሰው ደግሞ ውሃ አይሰጥም። በዚህ መካከል ሻይ የምታፈላልን ሴት ደርሳ ሰውየውን ወደ ፊት አጎንብሳ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ አጥብቃ መታችው። በአራተኛው ሥጋው ወጣ።

«እኅታችን፣ የት ተማርሽው?» አልናት።

«እናንተ ስትማሩ ሻይ ይዤ እገባ አልነበረም እንዴ? ያየሁትን ማታ ማታ ለልጆቼ እያሳየሁ እንለማመደው ነበር» አለችን።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያንን የተሰቀለ ወረቀት ቀና ብለን ማየት አፈርን።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከሥልጠና በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የእጅ ችሎታ መቀነስ እንደሚጀምር በጥናት ታውቋል። የጤና ባለሙያም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ክትባት ሲሰጥ የሚውል ከሆነ ልቡ የቆመ ሰው ሳያይ ዓመት ሊያልፈው ይችላልና እሱም ካልተለማመደ ይረሳል። ስንፍና አይደለም፤ ያልተሠራበት ነገር ጠባዩ ነው። ድንኳናችንን አስቡት። ሰው ባይሞትም እያወጣን ፀሐይ እናስመታዋለን፣ የተቀደደውን እንሰፋለን። እንዲያ ባናደርግ በክፉ ቀን አይጥ የበላው ሸራ ይዘን እንቆም ነበር።

ስለዚህ ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በየወሩ መዋጮ ስንከፍል አሥር ደቂቃ ለልምምድ ትሰጥ። በአንድ ወር አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። አንዱ ወር የታነቀ ሰው ይሁን፦ ማሳል ካልቻለ 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት፣ እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ሆዱ አይገፋም። ስንለማመድም አቋቋሙን እናሳይ እንጂ ጤነኛ ሰው አንምታ፣ ሆዱንም አንግፋ።

ሌላው ወር ደረት መጫን ይሁን፦ ራሱን ለሳተና በደንብ ለማይተነፍስ ሰው ደረቱን መካከል ላይ በሁለት እጅ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ይህን በጠንካራ ትራስ ላይ እየቆጠሩ መሞከር ይቻላል። ሌላው ወር ደም ማቆም ይሁን፦ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ቶሎ ቶሎ ገልጦ አለማየት። ሌላው ወር ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፤ ቅቤም ሊጥም አይቀባም። የሚጥል በሽታ ላለበትም ክብሪት ማሽተት ይቅር፤ አካባቢውን ከሚጎዳ ነገር አጽድቶ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ማስተኛት ነው።

ሁለተኛ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ልጆቻችን ሳይቀሩ በቃል ይወቁ። ሰፈራችን ለእንግዳ ያስቸግራልና አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ጠርተን የተሳሳትነውን ያርመን። ስሕተትም ሲደጋገም ልማድ ይሆናልና።

ይህ ሁሉ ከእድሩ ካዝና የሚያወጣው ገንዘብ ይህን ያህል አይደለም። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ያቺ ሻይ አፍይ ከእኛ የበለጠችው በትምህርት አልነበረም፤ በመደጋገም ነው። እኛም ከመጪው ወር ጀምረን ብንደጋግመው፣ ምናልባት አንድ ቀን ጡሩምባ ነፊያችን ሳይጠራ ያድራል።