መስከረምና የአውራ አምባ እንዝርት

አቅራቢው፦ መስከረም ሲጠባ ጣና ዳር ማኪያቶ ይዞ ዕቅድ የማያወጣ ማን አለ? ቁጠባ፣ ስፖርት፣ እንግሊዝኛ…

አቅራቢዋ፦ ጥቅምት ላይ ደብተሩ የት እንደገባም አይታወቅ! እኔ መጀመሪያ «ለምን?» ይባል ባይ ነኝ። «ለምን» ያለው ዕቅድ እንዴት እንደሚጸና ወረታን አልፈህ በደብረ ታቦር መንገድ አውራ አምባ የምትባለውን መንደር ሄደህ እይ።

አቅራቢው፦ የዙምራ ኑሩን?

አቅራቢዋ፦ አዎ። እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ የቤቱ ሥራ ደግሞ ይጠብቃቸዋል። ልጁን ያንገበገበው ይኼ ነው። በ1960ዎቹ ጥቂት ሰዎች ይዘው ማኅበረሰቡን መሠረቱ። ዛሬ እዚያ ሴቷ መወርወሪያውን ትወረውራለች፣ ወንዱ እንዝርት ያሾራል፤ እንጀራም ይጋግራል።

አቅራቢው፦ ጎረቤት ዝም አላለም እንጂ! እብድ ተብለዋል። በደርግ ማብቂያ ግድምም ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዋል።

አቅራቢዋ፦ ሲመለሱ የቀራቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነው። በዚያች መሬት ማኅበረሰቡ በእርሻ ብቻ ሊኖር አይችልም፤ ሽመናና ወፍጮ ያዙ። ዕቅዱን ቀየሩ፣ እኩልነቱን ግን አልነኩትም። በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

አቅራቢው፦ ሁሉም ነገራቸው ግን አይዋጥልኝም። የሃይማኖት በዓል አያከብሩም፤ ታዲያ ጥምቀትን ትቼ ልሸምን?

አቅራቢዋ፦ ማን ከለከለህ፣ ወንድሜ? ጥምቀትህን አክብር። ግን ዛሬ ማታ ቤትህ ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማን ነው?

አቅራቢው፦ ኧረ ወደ ሙዚቃው እንለፍ!