የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት አይጻፍም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የቤተሰብን ታሪክ ስለ መጠበቅ ነው። እኛ የታሪክ ምሁር አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ሠርተን ጡረታ የወጣን በመሆናችን፣ ወረቀት እንዴት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን።

ሁላችንም ከምናውቀው እንነሣ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፣ እስከ መቃብር ይሸኛል። በቤተ ክርስቲያን ግቢም የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ይኸ ወረቀት የሚጻፈው መቼ ነው? በዚያው ሌሊት ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ብዕርና ወረቀት ይዞ ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጥና፣ ዓይናቸው በለቅሶ ያበጠውን ልጆች «አባባ የተወለዱት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ይላል። አንዱ ሃያ ሁለት ይላል፤ ሌላዋ የለም ሃያ ስድስት ነው ትላለች። «የእናታቸውስ ስም?» ሲባል ሁሉም ዝም ይላሉ። የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በመጨረሻ የሚጻፈው «ደግ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚል፣ ለማንም የሚሆን ቃል ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሙስሊም ወንድሞቻችን ቀብር ደግሞ ፈጥኖ ስለሚፈጸም፣ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ከዚህም ያጥራል።

ይህ የልጆች ስንፍና ብቻ አይደለም። በአገራችን ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ በየቦታው መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን መዝገባችን የእናታችን አፍ ነበር። ሁለተኛም፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያቱ ስም ይጠራል፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ የፊተኛው ስም ከወረቀት ይወድቃል።

በሰፈራችን በቦሌ ሚካኤል ከሚኖሩት ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ግን ትምህርት መውሰድ እንችላለን። እነርሱ አብቲርሲ የሚሉት የዘር ቆጠራ አላቸው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። በእኛም ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ አለ። ታዲያ ልብ እንበል፤ ወደ ላይ ስም በስም ስንቆጥር የምንጠራው አባቶችን ብቻ ነው። እናቶች የሉበትም። በየእድሩ መዝገብ እንኳ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው የተጻፉ ስንት እናቶች አሉ! ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእናቶችን ስም መጻፍ ነው። የእናት እናት ማን ትባላለች? ከየት አገር ናት? የክርስትና ስሟስ? ይህን የሚመልሱ ሽማግሌዎች ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላልና እንጠይቃቸው።

አጀማመሩ ከባድ አይደለም። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይገዛ። በፊተኛው ገጽ ስሞች ይጻፉ፤ በግራ የእናት ወገን፣ በቀኝ የአባት ወገን። ከዚያ ዘመን ይከተላል። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሆንም። «ጣሊያን ወጥቶ ነፃነት ሲመለስ ምን ያክሉ ነበር?» ብንል ግን መልስ አለ፤ ያ 1933 ዓ.ም. ነው። «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አግብተው ነበር?» ያ 1953 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ 1966፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ 1967፣ የብር ኖት የተለወጠው 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው 1971፣ ደርግ የወደቀው 1983 ዓ.ም.። በነፃነት ጊዜ ጡት ያልጣለች ልጅ የነበረች እናት፣ ልደቷ በ1931 ወይም በ1932 ዓ.ም. ገደማ ነው ማለት ነው። ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችን ስንልክ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጻፍን እንግለጽ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ብዙ ወረቀት በዚህ ይበላሻል።

ወረቀትና ፎቶግራፍም አለ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የኪራይ ደብተር፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ ከዘመቻ ቦታ የመጣ ደብዳቤ፣ ይኸ ሁሉ ታሪክ ነው። በፎቶግራፉ ጀርባ፣ ከጠርዙ በኩል፣ በእርሳስ ቀስ አድርጎ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ መጻፍ ይገባል። ብዕር ወደ ፊት ያልፋል። ዋናውን ወረቀት ላሚኔት ማድረግ አይበጅም፤ አንዴ ከተለበደ አይላቀቅም። በሙጫ አይለጠፍ፣ በፌስታል ታስሮ አይታፈን። ደረቅ ካርቶን ውስጥ፣ ከጪስና ከጣራ ፍሳሽ ርቆ ይቀመጥ። ቅጂው በልጆች ስልክም፣ በሌላ ዘመድ ቤትም ይኑር። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በፍርሃት መጽሐፉንና ፎቶግራፉን ያቃጠለ ወይም የቀበረ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሸሽጎ ያቆየም አለ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ በግድግዳው ላይ የወጣቶቹን ፊት ተደርድሮ ያገኛል። ከልጃቸው አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ የቀረቻቸው እናት፣ ያቺ ፎቶግራፍ ምን ማለት እንደሆነች ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አሁንም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና ሌሎች የቆዩ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። ቤት በሚፈርስበት ቀን ሰው የሚያድነው አልጋና ቴሌቪዥን ነው፤ ካርቶኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

«የእኔ ሕይወት ምን ይጻፋል? ሹም አልነበርኩ» የሚሉ አሉ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተው ስላለፉ፣ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሞ ሁሉም ያነባል። እርግጥ እሳቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ ስድስት ልጅ ያስተማረችን እናት የሚጽፍላት ማነው? ልጆቿ ካልጻፉ ማንም አይጽፍላትም።

ደግሞ በስልክ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ሲቀዳ ግን ባለታሪኩ አውቆና ፈቅዶ ይሁን። በአንድ ቀን ብዙ ማድከም አያስፈልግም፤ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የተጻፈውም ተመልሶ ይነበብላቸው፤ «ይህንን ተወው» ካሉ ይተው። የቤተሰብ ቁስል ሁሉ ለአደባባይ አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዱ አባል ከሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ በፊት፣ በቤቱ ካሉት ሽማግሌዎች የአንዱን ታሪክ ሁለት ገጽ ይጻፍ። መጻፍ ለማይችል አባል የሰፈሩ ተማሪዎች ይጻፉለት። ወረቀቱ በቤቱ ይቀመጥ እንጂ ለእድሩ ይሰጥ አንልም። እድራችን ለሞት ቀን በየወሩ ገንዘብ ያስቀምጣል። ለዚያው ቀን ቃልም አብረን እናስቀምጥ። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ታሪካቸው ሲነበብ በጆሯቸው ይስሙት፤ የተሳሳተውንም ራሳቸው ያርሙት።