ገንዘብም ጊዜም ባይገደብ የምሠራው ባቡር
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለተናጋሪዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ሰጥቶናል። «ገንዘብና ጊዜ ባይገደብብህ ምን ትሠራ ነበር?» የሚል ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ብለዋል፤ እግዚአብሔር ያሳካላቸው። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። የእኔ መልስ ባቡር ነው። ከዚህ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባ የነበረውን የድሮውን ምድር ባቡር፣ ከነጣቢያው ከነድልድዩ፣ በሞዴል አሳንሼ እንደገና እሠራው ነበር። መሳቅ ይፈቀዳል፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በመጀመሪያ፣ እውነተኛው ባቡርም የተጀመረው ከአቅም በላይ በሆነ ሕልም ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የታሰበው ባቡሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ነበር። ሥራው በ1897 እዚህ ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ሀዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ ሆነ። ስለዚህ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረና በ1902 መጨረሻ ከተማ ያልነበረበት ሜዳ ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ የምንላት እሷ ናት። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆሞ በሌላ ኩባንያ ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ነጭ ዓባይን ሳያየው ቀረ።

እንግዲህ አስቡት፤ ያኔ ገንዘብ ባይገደብ ኖሮ ባቡሩ ሐረር ይወጣ ነበር፤ ድሬዳዋም ዛሬ የምናውቃት ድሬዳዋ አትሆንም ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዚራና መጋላ ተወልዶ ያደገው ስንቱ ነው! እኛን ያገናኘን የገንዘብ መትረፍ ሳይሆን የገንዘብ ማጠር ነው።

አሁን ወደ እኔ ሕልም ልመለስና እንደ ባለሱቅ ሒሳቡን እንሥራ። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልክ 1 ለ87 ነው። በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር የሆነው በሞዴሉ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አዲስ አበባ ለገሃር ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞዴሉ 26 ሜትር ይሆናል። ጅቡቲን ምድር ቤት ብናደርጋት ለገሃር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሬዳዋ አራተኛ ፎቅ አካባቢ ትሆናለች፤ አዋሽ ከእሷ ዝቅ ትላለች፤ ትልቁ ዳገት ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር የነበረው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮችም ባለ1 ሜትር ሀዲድ ስላላቸው ለእነሱ ሞዴል የሚሸጠው ሀዲድ ለእኛም ይሆናል። በፉርጎው በር ላይ የሚቆመው ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህላል።

ይህን እብደት ነው የሚል ካለ፣ በጀርመን አገር ሐምቡርግ ከተማ በ2001 የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለ ትርኢት አለ። በዚሁ በ1 ለ87 ልክ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ዘርግቷል። የእኛ 9 ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካለ ይሠራል።

ጊዜውስ? አንድ ሰው በየማታው 1 ሜትር ቢዘረጋ 9,000 ማታ ያስፈልገዋል፤ ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ማኅበራችን የኖረበት ዕድሜ ማለት ነው። ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ትልቁ ባቡር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የሞዴሉም ፍጥነት በልኩ ሲቀነስ በሰዓት 460 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 9 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ወደ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ትልቁ ባቡርም በዚያ ፍጥነት ሳይቆም ቢሄድ የሚፈጅበት ያንኑ ነው! በቀድሞው ዘመን ደግሞ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። ርቀትን ለ87 ማካፈል ይቻላል። ጊዜን ግን ማንም አያካፍለውም።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሀዲድ ይገዛል፤ ሎኮሞቲቭ ይገዛል፤ የሆልሆልን የብረት ድልድይ ጥሩ ባለሙያ ከፎቶግራፍ አይቶ ይሠራዋል። የአዲስ አበባው ጣቢያ በ1929 የተመረቀ ሕንፃ ነው፤ ለክቶ መሥራት ቀላል ነው። ግን በአዲጋላ ጣቢያ ባቡሩ ሲቆም ሻይ ይዛ የምትሮጠው ሴት በየት በኩል ትመጣ ነበር? በኤረር ምን ይሸጥ ነበር? በሚኤሶስ? መንገደኛው ፍየሉንና ከረጢቱን የት ያስቀምጥ ነበር? ይህን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ያለው በሽማግሌዎቻችንና በእናቶቻችን ጭንቅላት ውስጥ ነው።

በአንድ ወቅት ሁለት የምድር ባቡር ጡረተኞች ሱቄ ውስጥ ተከራከሩ። የደወሌ የውሃ ታንከር ከሀዲዱ በስተቀኝ ነበር፣ በስተግራ ነበር ተባባሉ። ስኳሩን መዝኜ እስክጨርስ ድምፃቸው ከፍ አለ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስቡት ወደ ላይ ሲወጡ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ነው» ስላቸው ሁለቱም ሳቁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ዛሬ ከሁለቱ አንዱ በሕይወት የሉም። ታንከሩን ከአንድ ወገን ብቻ የምናይበት ጊዜ መጥቷል።

ሞዴሉ ደስ የሚለውን ብቻ እንዲያሳይም አልፈልግም። በጥር 1985 በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። እዚያ ቦታ ላይ ባቡሩን አልሠራም፤ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አስቀምጬ አልፋለሁ።

አዲሱን ባቡር እንደማልጠላም ይታወቅልኝ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መስመር በኢትዮጵያ በኩል በ2016፣ በጅቡቲ በኩል በ2017 ተመርቆ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ነው። ሀዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፈጣንም ነው። ጣቢያዎቹ ግን እንደ ነጋድ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። የድሮው ባቡር ከተማው መካከል ይገባ ነበር፤ እንዲያውም ከተማውን የወለደው እሱ ነው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አሁን አሮጌው ሀዲድ በብዙ ቦታ ተነቅሏል፤ በብዙ ቦታም አሸዋ ለብሷል። ልጆቻችን ቃሉን እንጂ ነገሩን አያውቁትም።

ስለዚህ ያልተገደበ ገንዘብ እስኪመጣ አልጠብቅም። ለቤተሰቦች ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሜትር ይውሰድ። አንድ ሜትር ማለት ከእውነተኛው መስመር 87 ሜትር ነው፤ ለአንድ ትንሽ ጣቢያ ደጃፍ ይበቃል። ቤተሰቡ የሚያውቀውን ጣቢያ ይምረጥ፤ አሊ ሳቢህ፣ አይሻ፣ ሽንሌ፣ አፍደም፣ መተሐራ፣ ሞጆ፣ አቃቂ፣ የፈለገውን። ልጆች አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ፀሐይ በየት በኩል ትገባ ነበር? ማን ምን ይሸጥ ነበር? ባቡሩ ሲዘገይ ሰዉ የት ይቀመጥ ነበር? የተሰማው በደብተር ይጻፍ፤ የቤት ፎቶግራፍ ካለ በጀርባው ስምና ዓመት ይጻፍበት። ሁለት አያቶች ካልተስማሙ የሁለቱም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው መቀስና ሙጫ የሚነሳው። ሠላሳ ቤተሰብ ቢተባበር ሠላሳ ሜትር ይሆናል፤ ይህ አዳራሽ ዙሪያውን ይበቃዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ባዶ ካርቶን ከእኔ ሱቅ በነፃ ነው፤ የብስኩቱም የሳሙናውም አለ፤ የሳሙናው ይጠነክራል። ከነገ ጀምሮ ልጆች መጥተው መውሰድ ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ ካርቶኑን ከመውሰዳችሁ በፊት አያታችሁን ጠይቃችሁ ኑ። ካርቶን ነገም ይገኛል።